መርዶ የነገረ ሐኪም

ወረርሽኙ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር በምኖርበት ግቢ ውስጥ የአንዲት ሴት የደም ግፊት ሁለት ዓይነት ነበር። ሐኪሙ ሲለካው ከፍ ይላል፣ እኔ ስለካው ዝቅ ይላል። መለኪያዎቹ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ክንዱም ያው አንድ ክንድ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ሲነግሩኝ የትኛው እንደተሳሳተ በማጣራት ነው። ይህን ግን ሳጣራ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ካጣራሁ በኋላም ሙሉ በሙሉ የገባኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ነገሩን በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ሴትዮዋን እትዬ ነው የምላቸው። የደሴ ሰው ናቸው፤ ካምፓላ ከመጡ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል። እኔ ላይኛው ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ እሳቸው ከታች፣ መንገድ ዳር ካለችው ሱቃቸው ጀርባ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ተምርና ነጠላ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንድ ልጃቸው ጅዳ ይሠራል። እኔን «ጋዜጠኛው» ይሉኛል። ስሜን ያውቁታል፤ ግን በስሜ የጠሩኝ ተቆጥተው በነበረ ጊዜ ብቻ ነው።

ሐኪሙ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ያኔ አርባ አልሞላውም። ከእኛ መንገድ ከፍ ብላ ባለች ትንሽ የግል ክሊኒክ ይሠራል። ከወረርሽኙ በፊት አመሻሽ ላይ ሥራ ሲጨርስ በእትዬ ሱቅ በኩል ያልፍ ነበር። መለኪያውን ከቦርሳው ያወጣል፤ እሳቸው ክንዳቸውን የሽሮ ጆንያ ላይ ያሳርፋሉ፤ እሱ በአንድ እጁ እየነፋ በሌላው ከተምሩ ካርቶን ያነሳል።

«እናቴ፣ ጨው ቀንሰዋል?»

«አንተ ቦርጭህን ቀንሰሃል?»

«እኔ እኮ ሐኪሙ ነኝ።»

«ለሐኪም ቦርጭ ተፈቅዷል?»

ልኬቱን የሚነግራቸው ተምሩን እያላመጠ ስለሆነ ሁለተኛ ማስደገም ነበረባቸው። እዚያ ሱቅ ውስጥ አፉ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እትዬ ክኒናቸውን የሚወስዱት ሐኪም ስላዘዘው ሳይሆን ይህ ልጅ ስላዘዘው ነበር። ሌላ ዶክተር ያዘዘላቸውን መድኃኒት አንድ ጊዜ ለጎረቤት ሰጥተውታል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። ታክሲ ቆመ፣ የግል መኪና ተከለከለ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተባለ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ፤ ከመሸ መውጣት ቀረ። እኔ ዜናውን እየጻፍኩ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ሐኪሙ ግን በመኪናው መስታወት ላይ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ለጠፈ። ከምናውቃቸው ሐበሾች ሁሉ በመኪና መሄድ የሚችለው እሱ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ የቀለድነው በዚህ ነበር። ሰው ሳያመው አመመኝ እያለ የሚጠራው ዱቄት እንዲያመጣለት ነው እንል ነበር።

በዚያው ሰሞን የእትዬ ታናሽ ወንድም ደሴ ላይ አረፉ። በኮሮና አይደለም፤ በቆየ የኩላሊት ሕመም ነው። ቤተሰቡ የደወለው ለእሳቸው ሳይሆን ካንሳንጋ ምግብ ቤት ላለው ጓደኛዬ ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ የሱን ቁጥር ይይዛል። እሱ ደግሞ ለእኔ ደወለ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚደረገው ይታወቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ከየሰፈሩ፣ ከሜንጎም ከሙንዮንዮም ተጠራርተው፣ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ደጁን ያንኳኳሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደግፋል፣ የቀሩት ያለቅሳሉ። አሁን ግን ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ከሜንጎ ካንሳንጋ በእግር የሚመጣ ሽማግሌም የለም።

«እኔ እዚሁ ነኝ፣ ደረጃውን ወርጄ ልንገራቸው?» አልኩት።

«ብቻህን እንዳታደርገው። መርዶ አንድ ሰው ነግሮ ያውቃል? ደግሞ ደም ብዛት አለባቸው። ቢወድቁብህ ምን ልታደርግ ነው፣ ዜና ልትሠራባቸው?»

«እና ማን ይምጣ?»

«መኪና ማን አለው?» አለ፤ ወዲያው ራሱ መለሰው። «ዶክተሩ።»

ሐሳቡ እንከን የለውም። ፈቃድ አለው፤ መኪና አለው፤ እንደ ልጃቸው ያዩታል፤ ቢወድቁም ሐኪም አጠገባቸው አለ። ዛሬ መለስ ብዬ ስመረምረው እንኳ ያኔ ካወቅነው ነገር ተነስቼ የተለየ ውሳኔ ላይ አልደርስም።

ሐኪሙ ስንነግረው መጀመሪያ አልገባውም። «እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም» አለ። ቀጥሎ «ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሆስፒታል ስትሠራ ለሰው ሞት ነግረህ አታውቅም?»

«አውቃለሁ ጋሼ። ያ ግን እዚያው ሆኜ ያየሁት ሞት ነው። በር አንኳኩቼ ሞት ይዤ ገብቼ አላውቅም።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ መጣ። ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ ጭምብል አድርጓል፤ ከላዩ ፊቱን የሚሸፍን ፕላስቲክ፣ በእጁ ጓንት። የብረቱን በር ሁለት ጊዜ ፈጠን አድርጎ መታው። እኔ ደረጃው ሥር ቆሜያለሁ። ዱዓ የሚያደርጉት ሼህ ሜንጎ ሆነው በስልኬ እየጠበቁ ነው።

እትዬ ከፈቱ። «ልጄ፣ በዚህ ሰዓት? ማን ታመመ?» አሉ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማብራራት አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልመዝግብ። ሲያለቅሱ ሊይዛቸው ወደ ፊት ሄደ፤ ጓንቱን አየ፤ ቆመ። ምን እንደሚያደርግ ጠፋበት። በመጨረሻ የሚያውቀውን አደረገ፦ መለኪያውን አወጣና ክንዳቸው ላይ ጠመጠመ። እትዬ በአንድ እጃቸው ደረታቸውን እየደቁ ወንድማቸውን ይጣራሉ፤ ሌላው እጃቸው መለኪያው ውስጥ ታስሮ ተዘርግቷል። ልኬቱ ከፍ ያለ ነበር፤ የዚያን ዕለት ከፍ ባይል ነበር የሚገርመው።

አልወደቁም። ሽማግሌዎቹ በስልክ አመሰገኑን፤ «እንዲህ ተደርጎ ነው እንጂ» አሉ። ምግብ ቤት ያለው ጓደኛዬ ነገሩን ለሌሎች አወራ። ብዙም ሳይቆይ ሙንዮንዮ አካባቢ ላለ አንድ ነጋዴ የእናቱ መርዶ መጣና ሐኪሙ ተላከ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ያ ጊዜ ከአገር ቤት ደህና ወሬ የማይመጣበት ጊዜ ነበር።

እትዬ ለቅሷቸውን በስልክ ተቀምጠው ጨረሱ። ሐኪሙ ግፊታቸውን ሊከታተል በየጊዜው ይመጣ ጀመር፤ ክሊኒኩ ተጨናንቆ ስለሚውል የሚመጣው ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ በማለዳ ነው። ይለካል፤ ከፍ ብሏል። «ሐዘን ነው» ይላል፤ ክኒኑን ይጨምራል። ተመልሶ ይመጣል፤ አሁንም ከፍ ብሏል። ሌላ ክኒን ይደርባል። ተምር ሲያቀርቡለት «ፊቴን መግለጥ የለብኝም እናቴ» ብሎ ይሄዳል።

እትዬ ግን መደርደሪያ እየደገፉ መሄድ ጀመሩ። ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል። አንድ ቀን ከታች አንድ ነገር ሲወድቅ ሰምቼ ስወርድ በሽሮው ጆንያዎች መካከል ወድቀው አገኘኋቸው።

«አብሽር፣ ደህና ነኝ» አሉኝ ከወለሉ ላይ። «ሽሮው ባይኖር ግን ጋዜጠኛው ወሬ አግኝቶ ነበር።»

ፋርማሲ ሄጄ ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ገዛሁ። ለካኋቸው፤ ዝቅ ብሏል። ደግሜ ለካሁ፤ ዝቅ እንዳለ ነው። ለሐኪሙ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እነዚያ ማሽኖች አይታመኑም» አለኝ።

በሚቀጥለው ሲመጣ ሁለቱን መለኪያ በእኔ ክንድ ላይ ሞከርናቸው፤ ተመሳሳይ አመለከቱ። እትዬ ላይ ሞከርናቸው፤ ሁለቱም ከፍ አሉ። እሱ ሄደ። ትንሽ ቆይቼ ለካሁ፤ ወረደ። ሐኪሙ ግራ ገባው፤ እኔ ከሱ ባሰብኝ።

እንደ ማንኛውም ያልተጣራ ወሬ ያዝኩት። ሰዓቱ ይሆን ብዬ እኔም በማለዳ ለካሁ፤ ዝቅ ብሏል። ክንዱ ይሆን ብዬ ቀኝና ግራውን አየሁ። የበሉትን ጠየቅኩ። ክኒኑን መቼ እንደዋጡ ጠየቅኩ። አንድ በአንድ ስሰርዝ የቀረው ልዩነት አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም ሰውየው ነው።

ይህን ስነግረው «ሐኪም ሲያዩ ግፊታቸው የሚጨምር ሰዎች አሉ፤ የታወቀ ነገር ነው» አለ። «ግን ስንት ዓመት ለካኋቸው፣ አንድ ቀን እንዲህ ሆነው አያውቁም። እኔን ይፈራሉ? ተምር እያጎረሱኝ የኖሩ ሴትዮ?»

እሳቸውንም ጠየቅኩ። «እትዬ፣ ዶክተሩን ይፈሩታል?»

«ልጄ አይደል እንዴ? ምኑን ነው የምፈራው?»

አልዋሹም። የሚዋሽ ሰው ሳነጋግር የኖርኩ ነኝ፤ ይህ ውሸት አልነበረም። ሁለት ታማኝ ምንጮች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ፍርሃት የለም ይላሉ፤ መለኪያው አለ ይላል።

አንድ ማለዳ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሐኪሙ በራቸው ላይ ደረሰ። ያው ጋዋን፣ ያው ፕላስቲክ። ሁለት ጊዜ ፈጠን አድርጎ መታው።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እናቴ።»

መቀርቀሪያው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ፣ የዕቃ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው በረጋ ድምፅ፣ «ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም። ደም ብዛትዎን ልለካ ነው።»

«እሱማ ያን ጊዜም ለክተህልኛል» አሉ።

ከፈቱለት። ለካ፤ ከፍ ብሎ ነበር። ሲወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ዳቦውን ረሳሁት።

«እኔን ሲያዩ ሁልጊዜ የሚያስቡት ያንን ነው ማለት ነው» አለ።

«ራሳቸውም አላወቁትም» አልኩ።

«እሳቸው ብቻ አይደሉም ጋሼ። ስልክ ስደውል የማያነሱ በዝተዋል። አያነሱም፤ ከዚያ ‹ለምን ደወለ› ብለው በሌላ ሰው ያስጠይቁኛል። ባለፈው አንዱን የስኳር ውጤቱን ልነግረው ደወልኩ፤ ሄሎ ሳልል ሚስቱ ስትጮኽ ሰማሁ። ውጤቱ እኮ ጥሩ ነበር።» ፕላስቲኩን ከፊቱ አወለቀ። «ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው?»

ለማሰብ ሞከርኩ። ፈቃዱ እውነት ነበር። መኪናው እውነት ነበር። ደም ብዛቱ እውነት ነበር። «ምኑም ላይ አልተሳሳትንም» አልኩት።

«እኔንም ግራ የገባኝ እሱ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተወ። እኔ እለካለሁ፣ ልኬቱን በስልክ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያዛል። የተደረበውን ክኒን አስቀረው፤ የጨመረውንም ቀነሰው። እትዬ መውደቃቸውን አቆሙ። በሕክምና ዓይን ነገሩ ተስተካከለ። ግን ሐኪሙና እትዬ፣ ሁለት መንገድ ተራርቀው እየኖሩ፣ አንድ ዓመት ያህል ሳይተያዩ ቀሩ። ገደቡ ተነስቶ ሰው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላም በሱቁ በኩል አያልፍም፤ በላይኛው መንገድ ይዞራል።

በመካከላቸው የምመላለሰው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ተምር በፌስታል ይልኩለታል፤ እሱ ክኒን ይልካል።

«ከሳ?» ይሉኛል።

«ጭምብል ስላደረገ አላየሁትም እትዬ።»

«ቦርጩ ላይ ነው ጭምብል የሚያደርገው?»

እሱ ደግሞ «ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቀኛል። «ከስቶ እንደሆነ ጠየቁኝ» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ከዚያ ወዲያው የሚቀጥለውን ታካሚ ይጠራል።

ሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ በሽታው ከመጀመሪያው በከፋ ተመለሰ፤ ገደቡም ተመለሰ። አሁን በስም የማውቃቸው ሰዎች ይሞቱ ጀመር። ሆስፒታል አልጋ ጠፋ፤ ኦክስጅን የሚፈልግ ሰው በየቦታው ይደውላል። በዚህ መሀል ከወለሌ ሥር ሳል ሰማሁ። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን በመሀሉ ረጅም ዝምታ ገባበት።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ በመስኮት አቀበልኳቸው። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ቁጥሩ ጥሩ አልነበረም። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መተንፈስ አስፈልጓቸዋል።

ለሐኪሙ ደወልኩ። «በስልክ አይሆንም» አለ። «ሳንባቸውን መስማት አለብኝ። ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ነገ አይባልም፤ ዛሬ ነው። እመጣለሁ።»

ለእትዬ ስነግራቸው መስኮቱን ዘጉት። በመስታወቱ በኩል «እንዳይመጣ» አሉ። «ለአንተ በስልክ ይንገርህ።»

«እትዬ፣ ሊያይዎት ነው የሚመጣው።»

«ልጄ ከደወለ ሰንብቷል» አሉ። ትንሽ አረፉ። «ጅዳ ያሉትን ሁሉ ጠየቅኩ፣ አየሁት የሚል የለም። አሁን ደግሞ ዶክተሩ ይመጣል። በሩን አልከፍትም። ሳይነግረኝ ልሙት።»

ለልጃቸው ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ጅዳ ሰው የሚያውቅ አንዱን ፈልጌ አገኘሁ፤ እሱም «እጠይቃለሁ» አለኝና ጠፋ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሳስብ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ልገፋው ብሞክር አልሄድ አለ። ሐኪሙ ለመምጣት ለምን እንዲህ ቸኮለ? እንደገና ደወልኩለት።

«እውነቱን ንገረኝ» አልኩ። «የልጃቸውን ነገር የሰማኸው አለ?»

መልስ አልሰጠኝም። በስልኩ ውስጥ የክሊኒኩ ሰው ሲያስል ይሰማል።

«እርስዎም?» አለ በመጨረሻ።

ምንም ሳልል ስልኩ ተዘጋ። ሰዎች የማይሉትን ከዝምታቸው አነባለሁ ብዬ አምን ነበር። ያን ዝምታ ግን በሁለት መንገድ አነበብኩት፤ ሁለቱም ልክ ይመስሉ ነበር። ልጁ ሞቶ ይሆናል። ወይም ይህ ሰው በእኔም ዘንድ ሐኪም መሆኑ ቀርቷል።

ቀትር ላይ መጣ። መኪናውን መንገድ ላይ ትቶት በእግሩ ነው የገባው። ጋዋን የለም፤ ፕላስቲክ የለም። ቦርሳው በትከሻው ላይ ነው፤ በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሮሌክስ፣ እዚህ እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልለው የሚሸጡትን ምግብ፣ ይዟል፤ ማዕዘኑ ላይ ካለው ቻፓቲ ሻጭ እንደገዛው ከጋዜጣው አወቅኩ። ጭምብሉን አገጩ ሥር አውርዶታል። በሩን አላንኳኳም። ከእትዬ መስኮት ፊት ለፊት፣ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ቆመና መብላት ጀመረ።

ሰውየው ድካም አናቱ ላይ የወጣበት መሰለኝ። ለአንድ ዓመት ከሰው ፊት ጭምብሉን አውርዶ አያውቅም፤ የክሊኒኩ ሠራተኞች ሻይ እንኳ ተራ በተራ ውጭ እንዲጠጡ ያዘዘ ሰው ነው። አሁን ቆሞ ሮሌክስ ይገምጣል፤ ዘይቱ በጣቱ ይወርዳል፤ ያላምጣል። ልጠራው አፌን ከፈትኩና መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቼ ዘጋሁት።

እትዬ መጋረጃውን ገልጠው አዩት። ቆዩ። ፊቱን አዩ፤ እጁን አዩ፤ እንደገና አፉን አዩ። መስኮቱን በጥቂቱ ከፈቱት።

«አንተ» አሉ። ሳሉና አረፉ። «እንቁላል ነው?»

«እንቁላል ነው እናቴ» አለ አፉ እንደሞላ።

«የሰኔ ጾም አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ከሃዲ» አሉት።

ከዚያ መቀርቀሪያው ሲከፈት ሰማሁ።

ነገሩ የገባኝ በሩ ሲከፈት ነው። እድሜዬን ሙሉ መርዶ ሲነገር አይቻለሁ፤ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ሲበላ አላየሁም። ውኃ እንኳ አይቀበልም። ያ ሰው ሞት ይዞ ቢሆን ኖሮ ያ ቻፓቲ በጉሮሮው አይወርድም ነበር፤ እትዬ ይህንን ለማወቅ የማንም ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ሐኪሙ የቀረውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እጁን ታጠበ፤ ጭምብሉን ወደ ላይ መለሰ፤ ጓንት አድርጎ ገባ። ጀርባቸውን አዳመጠ። ሲወጡ የሚደግፋቸው እሱ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ጓንቱን አላየውም። በዚያው ባለ ፈቃዱ መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ለአንድ አልጋ ስንት ሰው እንደለመነ አልነገረኝም። እኔ ግቢው መሀል የተነከሰ ሮሌክስ ይዤ ቀረሁ።

ኦክስጅን ላይ ሰነበቱ፤ ዳኑ። ገና ሆስፒታል እያሉ ልጃቸው ደወለ፤ ሥራ ለውጦ ከከተማ ውጭ ወጥቶ ነበር፤ ስልኩም ተሰብሮበት ነው። ሊቆጡት ትንፋሽ ስላልነበራቸው ስልኩን ለሐኪሙ ሰጡትና በእሳቸው ፋንታ እሱ ተቆጣው።

ከተመለሱ በኋላ ሐኪሙን አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ያን ነገር አስበኸው ነው?»

«የቱን?»

«ሮሌክሱን።»

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀመስኩም ነበር» አለ። «ርቦኝ ነው።»

ፊቱን አየሁት። ግማሹ በጭምብል ተሸፍኗል። እየቀለደብኝ ይሁን፣ እውነቱን ይሁን መለየት አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልቻልኩም። በጾም ቀን፣ ሰው በሚያልቅበት ሰሞን፣ ከብዙ ምግብ መካከል እንቁላል ያለበትን የመረጠው በአጋጣሚ ነው ቢሉኝ አላምንም። አስቦበት ነው ቢሉኝም፣ ያን ዕለት ሲበላ ያየሁት አበላል የራበው ሰው አበላል ነበር።

አስቦበትም ይሁን ሳያስብ፣ በኋላ ግን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ታካሚ ቤት ሲሄድ ከበር ሳይደርስ አንድ ነገር አፉ ውስጥ ያደርጋል፤ ሙዝ፣ ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ በቆሎ። ወሬው በሐበሻው መካከል ተሰማ። ሰዎች ስልክ ማንሳት ጀመሩ። መርዶ ንገርልን ብለው ሲጠይቁትም እምቢ አለ፤ መንገዱ ተከፍቷልና ሽማግሌዎቹ እንደ ድሮው ማልደው ይሄዳሉ። ምግብ ቤት ያለው ጓደኛዬ «በኮሮና የወፈረ ብቸኛው ሐኪም» ይለዋል።

በሦስተኛው ዓመት ትምህርት ቤቶች ተከፍተው፣ ከመሸም መውጣት ተፈቅዶ፣ ሐኪሙ እንደገና በሱቁ በኩል ማለፍ ጀመረ። እትዬ ክንዳቸውን ሽሮው ላይ ያሳርፋሉ። እሱ ይነፋል፤ ከካርቶኑ ያነሳል። ከላይ ሆኜ የሚባባሉትን እሰማለሁ፤ ያው የቦርጭና የጨው ክርክር ነው። እሱ ከሄደ በኋላ እኔ እወርድና እለካለሁ። የሱ ልኬት አሁንም ከእኔ በትንሹ ይበልጣል። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። የቱን እንደሚያምን ስጠይቀው «መሀል ላይ ያለውን» አለኝ፤ መሀል ላይ ያለውን ግን ማንም ለክቶት አያውቅም።

በዚያው ዓመት እኔም አንድ ምርመራ አደረግኩ። ክብደቴ ያለ ምክንያት ቀንሶ ነበር፤ ሐኪሙ ደም ወሰደ፣ ራጅ አስነሳኝ፤ «ውጤቱ ሲደርስ እደውላለሁ» አለ። ለእትዬ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን «ከሳህ» ብለው ተምር ይልኩልኝ ጀመር።

አንድ ማለዳ ገና ከአልጋ ሳልወርድ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የሱ ነው። ትንሽ አየሁት፤ አነሳሁት።

መጀመሪያ የሰማሁት ማላመጥ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አለ አፉ ሞልቶ።

ትንፋሼ ወጣ። ወዲያው ደግሞ ያዝኩት። ይህ ሰው አሁን ለሁሉም ያላምጣል። ለደህናው ያላምጣል፤ ደህና ላልሆነውስ? አንድ ቀን ለአንዱ ክፉ ነገር መንገር ሲኖርበት አፉን ባዶ አድርጎ ይደውላል? ወይስ እንዳያስደነግጠው ብሎ ያን ጊዜም እያላመጠ ይነግረዋል? ይህንን ጠይቄው አላውቅም። ከታች እትዬ የሱቃቸውን በር ሲከፍቱ ይሰማል።

«ደህና» አልኩት፤ ከዚያ እስኪውጥ ጠበቅኩት።